«ሳሌም»፦ ብቸኛዋን ቀሪ ከባድ ክሩዘር ለመጎብኘት ለምታስቡ

ለጦር መርከብ ታሪክ ፍላጎት ላለው ሰው፣ ከቦስተን በስተደቡብ ኩዊንሲ ከተማ የቆመችው «ዩኤስኤስ ሳሌም» ሙሉ ቀን ይገባታል። ክሩዘር ማለት ከትልልቆቹ የጦር መርከቦች አነስ ያለ፣ ግን ፈጣን የመድፍ መርከብ ነው፤ በዓለም ላይ ከተሠሩት ከባድ ክሩዘሮች ሁሉ ሳትፈርስ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። ይሁን እንጂ ሳይዘጋጅ ለገባ ጎብኚ ብዙም አትናገርም። ምርጥ ነገሯ ያለው ሰው ሁሉ ፎቶ በሚነሳበት በላይኛው ወለል ሳይሆን በመድፍ ማማዎቿ (መድፎቹን በያዙት የሚሽከረከሩ የብረት ክፍሎች) ውስጥና ከእነሱ በታች ነው፤ ማብራሪያውም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የት ቆማችሁ ምን መመልከት እንደሚገባችሁ፣ የቱንስ ብታልፉት እንደማይቆጫችሁ እዚህ ላይ አስቀምጣለሁ። ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ከባድ ክሩዘር» የሚለው መጠሪያ ስለ መርከቡ ክብደት አይደለም። በ1930 በለንደን የተፈረመው ስምምነት ክሩዘሮችን የለያቸው በመድፋቸው አፍ ስፋት ነበር፤ ከ155 ሚሊ ሜትር በላይ እስከ 203 ሚሊ ሜትር የሆነ መድፍ የያዘ «ከባድ» ተባለ፣ ከዚያ በታች ያለው «ቀላል»። ሳሌም ዘጠኝ የ203 ሚሊ ሜትር መድፎች አሏት፤ በሦስት ማማዎች ሦስት ሦስት ሆነው የተተከሉ፣ ሁለቱ ማማ ከፊት አንዱ ከኋላ። ርዝመቷ 218 ሜትር፣ ወርዷ 23 ሜትር ገደማ፣ መደበኛ ክብደቷ 17,000 ቶን ነው። አራት ቦይለሮችና አራት ተርባይኖች 120,000 የፈረስ ጉልበት ያመነጩላት ነበር፤ ፍጥነቷም 33 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሙሉ የሰው ኃይሏ 1,800 ገደማ ነው።

ግንባታዋ ጁላይ 4 ቀን 1945 ተጀመረ፤ ማርች 25 ቀን 1947 ውኃ ላይ ወረደች፤ ሜይ 14 ቀን 1949 አገልግሎት ገባች። ከእሷ በኋላ አገልግሎት የገባ ከባድ ክሩዘር በየትኛውም አገር የለም። የሠራት የቤተልሄም ስቲል ኩባንያ ፎር ሪቨር መርከብ መሥሪያ ሲሆን ዛሬ የቆመችውም እዚያው ግቢ ነው። የተወለደችበት ስፍራ የተመለሰች የጦር መርከብ ብዙ አይገኝም።

የአገልግሎት ዘመኗ አሥር ዓመት አልሞላም። ከአትላንቲክ ወደ ሜዲትራኒያን እየተመላለሰች ለ6ኛው የአሜሪካ የጦር መርከቦች ጓድ አዛዥ አድሚራል መቀመጫ ሆና ሠርታለች፤ በኋላም ከ1956 ጀምሮ ቋሚ መቆሚያዋ በደቡብ ፈረንሳይ የምትገኘው ቪልፍራንሽ ነበረች። በኦገስት 1953 የግሪክ አዮኒያ ደሴቶች በመሬት መንቀጥቀጥ ሲፈርሱ ቀድማ የደረሰችው የአሜሪካ መርከብ ሳሌም ስትሆን፣ ከራሷ መጋዘን ምግብና መድኃኒት አከፋፍላለች። በ1956 የስዊዝ ቀውስ ጊዜም እዚያው ባሕር ላይ ነበረች። በዚያው ዘመን በአንድ የብሪታንያ ፊልም ላይ «ግራፍ ስፔ» የተባለችውን የጀርመን መርከብ ሆና ቀርባለች፤ የጀርመኗ ሁለት ማማ ብቻ ስለነበራት ልዩነቱ ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይታያል። ጃንዋሪ 30 ቀን 1959 ከአገልግሎት ወጣች፣ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ በመጠባበቂያነት ቆመች፣ በኦክቶበር 1994 ወደ ኩዊንሲ ተጎትታ መጣች፣ በሜይ 1995 ለሕዝብ ተከፈተች።

በጠላት ላይ አንድም ጥይት አልተኮሰችም። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ ጎብኚዎች አሉ፤ እኔ ግን ትልቁ ዕድሏ ይመስለኛል። ቀድማ ጡረታ በመውጣቷ ሚሳይል አልተገጠመባትም፣ እንደ አንዳንድ የዘመኗ ክሩዘሮች ግማሽ አካሏ አልተቀየረም። የ1950ዎቹን የመድፍ መርከብ እንደነበረ ማየት የሚቻለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሳሌም ለምን እንደዚህ ተደርጋ እንደተሠራች ያልገባው ሰው ማማዎቹን አይቶ ያልፋቸዋል። ኦገስት 9 ቀን 1942 ሌሊት፣ በሰለሞን ደሴቶች ሳቮ አጠገብ፣ የተባበሩት ኃይሎች በጃፓን ጥቃት አራት ከባድ ክሩዘሮች አጡ፤ ሦስቱ የአሜሪካ፣ አንዷ የአውስትራሊያ። ከአሜሪካኖቹ ሁለቱ፣ «ኩዊንሲ» እና «ቪንሰንስ»፣ የዚሁ የፎር ሪቨር ሥራ ነበሩ። ኩዊንሲ መሐል ወገቧ ላይ የተቀመጡት አውሮፕላኖቿ በእሳት ሲያያዙ በጨለማው ውስጥ ለጠላት ተኳሾች ወለል ብላ ታየች፤ 370 ሰዎቿን ይዛ ሰጠመች። በቀጣዮቹ ወራት በተደረጉት የሌሊት ውጊያዎችም ያው ችግር ተደጋገመ፦ ቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ የሚወነጨፍ ፈንጂ) የያዙ ፈጣን መርከቦች በድንገት ቅርብ ርቀት ላይ ይገኛሉ፣ የከባዱ ክሩዘር መድፍ ግን በደቂቃ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ይተኩሳል።

መዘግየቱ ከአጫጫኑ የመጣ ነው። በአሮጌው የ203 ሚሊ ሜትር መድፍ ባሩዱ በጨርቅ ከረጢት የታሰረ ነበር። አንድ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ አፈሙዙ ወደ ተወሰነ የመጫኛ ማዕዘን ዝቅ ማለት አለበት፤ የኋላ መዝጊያው ይከፈታል፤ ፍም ቀርቶ ቀጣዩን ባሩድ እንዳያቀጣጥል ውስጡ በታመቀ አየር ይጠረጋል፤ ጥይቱ ይገፋል፤ ከረጢቶቹ ይከተላሉ፤ መዝጊያው ይቆለፋል፤ ከዚያ አፈሙዙ እንደገና ወደ ኢላማው ማዕዘን ይወጣል። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱ ቢዘገይ ሁሉም ይዘገያል።

ሳሌም ላይ ያለው ማርክ 16 የተባለው መድፍ ይህን ሰንሰለት በሁለት ነገር በጠሰው። አንደኛ፣ ባሩዱ ከጨርቅ ወጥቶ በነሐስ ቀለሃ ውስጥ ገባ። ቀለሃው ጋዙን ራሱ ስለሚያፍን መዝጊያው ወደ ላይና ወደ ታች በሚንሸራተት የብረት ብሎክ ተተካ፤ ይህ ደግሞ በጣም ፈጣን ነው። ሁለተኛ፣ የመጫኛው መሣሪያ ከመድፉ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ስለዚህ አፈሙዙ ወደየትም ቢያነጣጥር፣ በየትኛውም ማዕዘን ላይ እያለ ይጫናል። ውጤቱ በእያንዳንዱ አፈሙዝ በደቂቃ 10 ተኩስ ነው። ጋሻ በሺው ጥይት እያንዳንዱ 152 ኪሎ ይመዝናል፤ ዘጠኙ መድፎች በአንድ ደቂቃ ሲተኩሱ ከ13 ቶን ተኩል በላይ ብረት ይወረውራሉ፣ እስከ 27 ኪሎ ሜትር ድረስ። ዋጋው ክብደት ነው፦ አንዱ ማማ ብቻውን 450 ቶን ያህል ስለሚከብድ መርከቧ ከቀደሙት ከባልቲሞር መደብ (በአንድ ንድፍ ከተሠሩት) ክሩዘሮች በርዝመትም በክብደትም መብለጥ ግድ ሆነባት።

ስለዚህ በሄዳችሁበት ቀን ማማ ውስጥ መግባት የሚፈቀድ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ቀድማችሁ እዚያ ግቡ። ከመድፉ ጀርባ ቁሙና መዝጊያውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለውን የመጫኛ አልጋ ተከታትላችሁ ተመልከቱት፤ ከወለሉ ጋር ሳይሆን ከመድፉ ጋር የተያያዘ መሆኑን ስታዩ የተፈታው ችግር በዓይናችሁ ይገባችኋል። ቀጥላችሁ ጥይትና ቀለሃ ከታች የሚወጡባቸውን አሳንሰሮች ፈልጉ። ጥይቱና ቀለሃው ለየብቻ መጥተው የሚገናኙት እላይ ነው። ግድግዳው ላይ የተጠላለፉት ቱቦዎች አብዛኞቹ የሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠሩ ናቸው፤ ግፊቱ ከወረደ አውቶማቲኩ ሰንሰለት ይቆማል፣ ስለዚህ በዚህ ክፍል ውስጥ የዘይት መፍሰስን መከታተል ከተኩሱ እኩል ሥራ ነበር። ወጥታችሁ ደግሞ የማማውን ፊት ለፊት ተመልከቱ፤ የጋሻ ብረቱ ውፍረት 203 ሚሊ ሜትር ነው፣ ልክ እንደ መድፉ አፍ ስፋት። የመርከቧ ጎን ላይ ያለው ብረት በወፍራሙ ቦታ 152 ሚሊ ሜትር፣ ወለሉን የሚሸፍነው 89 ሚሊ ሜትር ነው።

የዚህ መድፍ አደጋ ምን እንደሆነ ለማወቅ ለእህቷ፣ ማለትም በዚያው ንድፍ ለተሠራችው ለ«ኒውፖርት ኒውስ» የተሰጠውን ክፍል አትለፉት። ኒውፖርት ኒውስ ከሦስቱ እህትማማቾች በአገልግሎት ረጅሙን የቆየች ስትሆን በቬትናም ጦርነት ተሳትፋለች። ኦክቶበር 1 ቀን 1972 በሁለተኛው ማማ መካከለኛው መድፍ ውስጥ አንድ ጥይት ከአፈሙዙ ሳይወጣ ፈነዳ፤ ምክንያቱ የጥይቱ ማፈንጃ ጉድለት ነበር። እሳቱ ወደ ታች ወደተደረደሩት ቀለሃዎች ተዛመተ፣ 20 መርከበኞች ሞቱ። የብዙዎቹ ሞት ከጭስና ከመርዛማ ጋዝ ጋር የተያያዘ ነበር። ማማው ከዚያ በኋላ አልተጠገነም፤ መርከቧ ቀሪ ዘመኗን በሁለት ማማ ጨረሰች። በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፣ ታላቂቱ «ዴሞይን»ም በ2006 ወደ ቴክሳስ ተጎትታ ፈረሰች። ሳሌም ውስጥ የቆማችሁበት ማማ ያ አደጋ ከደረሰበት ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ይዛችሁ ክፍሉን ብታዩት ይሻላል።

በዚሁ አካባቢ ለ«ሴንት ፖል» የተሰጠ ማሳያም አለ። ይህች ክሩዘር በኮሪያ ጦርነት፣ የቃኘው ሻለቃ ጦሮች በየብስ ሲዋጉ፣ በባሕር ዳር ያሉ ኢላማዎችን ስትደበድብ የቆየች ናት፤ ጁላይ 27 ቀን 1953 ተኩስ አቁሙ ሊጸና ደቂቃዎች ሲቀሩ የመጨረሻውን የመርከብ መድፍ ጥይት የተኮሰችውም እሷ ናት።

ለኢትዮጵያውያን ጎብኚዎች ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ፣ መርከቧ ላይም ማንም ላያነሳላችሁ ይችላል። የሳቮዋ ኩዊንሲ ከሰጠመች በኋላ ስሟ እዚሁ ግቢ ውስጥ በመሠራት ላይ ለነበረች ሌላ ከባድ ክሩዘር ተሰጠ። ሁለተኛይቱ ኩዊንሲ ዲሴምበር 15 ቀን 1943 አገልግሎት ገባች፤ በኖርማንዲ ማረፊያ ዕለት በዩታ የባሕር ዳርቻ ተኩሳለች፤ በ1945 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ወደ ያልታ ጉባኤ ሲሄዱ እስከ ማልታ አደረሰች፤ ሲመለሱም በስዊዝ ቦይ፣ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ መልህቅ ጥላ ጠበቀቻቸው። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሩዝቬልት ጋር የተገናኙት በዚህች መርከብ ላይ ነው። የግብፁ ንጉሥ ፋሩክ በዚያው ዕለት፣ የሳዑዲው ንጉሥ ኢብን ሳዑድ በማግስቱ መጥተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ካነሷቸው ጉዳዮች መካከል ኤርትራ፣ የባሕር በርና የጅቡቲ ባቡር ይገኙበታል። ለኢትዮጵያ ከብሪታንያ ጥላ ወጥታ ከአሜሪካ ጋር በቀጥታ መነጋገር የጀመረችበት ወሳኝ ቀን ነበር።

ኩዊንሲ በ1974 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጣለች፤ የእሷ መደብ ከሆኑት አንዲትም አልተረፈችም። ስለዚህ ያ ስብሰባ ምን ዓይነት መርከብ ላይ እንደተደረገ በአካል ለመገመት የቀረችው ቅርብ ዘመድ ሳሌም ናት። ከሁለተኛው ማማ አጠገብ ቆማችሁ ወደ ላይ ወደ ድልድዩ (መርከቧ ወደምትመራበት ክፍል) ስትመለከቱ የምታዩት አቀማመጥ በመሠረቱ ያው ነው፦ ሦስት ባለ ሦስት አፈሙዝ ማማዎች፣ በዙሪያቸው ስድስት ጥንድ የ127 ሚሊ ሜትር መድፎች፣ አንዱ ጥንድ ከፊት መሐል፣ አንዱ ከኋላ መሐል፣ ሁለት ሁለቱ በየጎኑ። ልዩነቱንም እወቁት። ኩዊንሲ በ13 ሜትር ታጥራለች፤ ጭስ ማውጫዋ ሁለት ነበር፣ የሳሌም ግን አንድ ነው፤ መድፎቿም አሮጌው ባለ ከረጢት ዓይነት ናቸው። አውሮፕላኖቿ ደግሞ ከሳቮ በፊት እንደነበሩት ክሩዘሮች መሐል ወገብ ላይ ሳይሆን መጨረሻ ኋላ ላይ ነበሩ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ይህን ታሪክ ከቤት ነግራችኋቸው ሂዱ። በስልካችሁ ላይ የንጉሠ ነገሥቱንና የሩዝቬልትን የኩዊንሲ ፎቶግራፍ አስቀምጣችሁ እዚያው ወለል ላይ ብታነጻጽሩት ጉብኝቱ ሌላ መልክ ይይዛል።

ውስጥ ስትዘዋወሩ መጥፋት ቀላል ነው፤ ኮሪደሮቹ ይመሳሰላሉ። በዚያ ዘመን የተሠሩ የአሜሪካ መርከቦች በየክፍሉ በር ላይ የተጻፈ አድራሻ አላቸውና አነባበቡን መልመድ ይጠቅማል። ለምሳሌ «ቢ-305-ኤል» የሚል ብታገኙ፣ የመጀመሪያው ፊደል የመርከቧን ክፍል ይነግራችኋል፦ «ኤ» ከሞተር ክፍሎቹ በፊት ያለው፣ «ቢ» የሞተር ክፍሎቹ ያሉበት፣ «ሲ» ከእነሱ በኋላ ያለው። የቁጥሩ መቶ ቤት ወለሉን ያሳያል፤ 1 ዋናው ወለል፣ 2 ከሥሩ ያለው፣ 3 ከዚያም በታች። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ወደ ፊት ስትዞሩ በቀኝ በኩል፣ ሙሉ ከሆነ በግራ በኩል ናችሁ። የመጨረሻው ፊደል አገልግሎቱን ይገልጻል፦ «ኤል» መኖሪያ፣ «ኤም» ጥይት፣ «ኢ» ሞተር፣ «ሲ» መቆጣጠሪያ። በሮቹ ላይ ያሉት «ኤክስ»፣ «ዋይ» እና «ዜድ» ደግሞ መቼ መዘጋት እንዳለባቸው የሚያመለክቱ ናቸው፤ «ኤክስ» ወደብ ላይም ቢሆን የሚዘጋ፣ «ዋይ» ባሕር ላይ የሚዘጋ፣ «ዜድ» ለውጊያ የሚዘጋ። ውኃ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳይሻገር አድርጎ መርከብን ከመስጠም የሚያድነው ይህ ሥርዓት ነው፤ አንድ የ«ኤክስ» በር በቸልተኝነት ክፍት ከቀረ የጋሻው ውፍረት ብዙ አይረዳም።

የአድሚራሉ ክፍልና ድልድዩ መታየት አለባቸው። ወጥ ቤቱ፣ ሕክምና ክፍሉና የመርከበኞች መኝታ ግን በሌሎች ሙዚየም መርከቦችም ስላሉ ጊዜ ካጠረ እለፏቸው።

ስለ አገልግሎቱ። ሙዚየሙን የሚያስተዳድረው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን ሥራው በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ነው። ይህ ጥሩም መጥፎም ጎን አለው። ጥሩው፣ ከፈቃደኞቹ መካከል ስለ ማማውና ስለ ሞተሩ በጥልቀት የሚያውቁ አሉ፤ ጠይቁ፣ ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። መጥፎው፣ የሚከፈቱት ክፍሎች በዕለቱ በመጣው ሰው ብዛት ይወሰናሉ፤ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑም ክፍት አይደለችም። ከመነሳታችሁ በፊት ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ማማ ውስጥ ይገባል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አይገባም» ከሆነና ቀኑን መለወጥ ከቻላችሁ ለውጡት።

ጥገናውን በተመለከተ ዝገት ታያላችሁ። ብረት ከሁሉ በላይ የሚበላው አየርና ጨዋማ ውኃ በሚፈራረቁበት መስመር ላይ ነው፤ ያንን በደንብ ለማከም መርከቧ ተጎትታ ደረቅ መጠገኛ መግባት አለባት፣ ወጪው ደግሞ ለአንድ አነስተኛ ድርጅት እጅግ ከባድ ነው። መርከቧ ብቻ ሳትሆን የታሰረችበት መድረክም አስቸግሯታል፤ በ2013 መድረኩ አያስተማምንም ተብሎ ሲዘጋ ጉብኝቱም ተቋረጠ፣ በ2015 ነው እንደገና የተከፈተው። የምትከፍሉት የመግቢያ ገንዘብ በቀጥታ ለዚህ ስለሚውል ቅናሽ አትፈልጉበት፤ ከቻላችሁ ጨምሩበት።

ጫማችሁ የተሸፈነና ሶሉ ጎማ የሆነ ይሁን። ደረጃዎቹ ቀጥ ያሉ የብረት መሰላሎች ናቸው፤ ስትወርዱ ፊታችሁን ወደ መሰላሉ አዙሩ፣ ሁለቱንም እጅ ለመያዣው ነጻ አድርጉ፣ ቦርሳ ከጀርባ እንጂ በእጅ አይሁን። የውኃ መከላከያ በሮቹ ደፍ እግር ያደናቅፋል፣ የላዩ ጠርዝ ግንባር ይመታል፤ ብዙ ሰው አንዱን ሲጠነቀቅ በሌላው ይመታል። አሳንሰር ስለሌለ ጉልበታቸው ለደከመ እናቶችና አባቶች ታችኛው ወለል አይሆንም፤ ለእነሱ ላይኛውን ብቻ አስቡ። በበጋ የብረቱ ሙቀት፣ በብርድ ወራት ደግሞ ቅዝቃዜው ውስጥ ድረስ ይዘልቃል። አነስተኛ የእጅ ባትሪ ያዙ፤ የክፍል አድራሻዎቹንና የመሣሪያ ሰሌዳዎቹን ለማንበብ ከስልክ መብራት ይሻላል። በሕዝብ መጓጓዣ ለሚመጣ ሰው ቀይ መስመር ባቡር ኩዊንሲ ሴንተር ያደርሳል፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ መቀጠል ነው።

ልጆቹ ገና ትንንሽ ከሆኑ ወይም በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት መርከብ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ወደ ደቡብ ፎል ሪቨር ከተማ ሂዱ። እዚያ «ማሳቹሴትስ» የተባለችው ባትልሺፕ (ከክሩዘር የምትበልጥ ትልቅ የመድፍ መርከብ)፣ አንዲት አጥፊ መርከብና አንዲት ሰርጓጅ በአንድ ወደብ ቆመዋል። ባትልሺፗም የኩዊንሲው ፎር ሪቨር ሥራ ናት። ትልልቆቹ የ406 ሚሊ ሜትር መድፎቿ ባሩዳቸው በከረጢት የሚጫን ነው፤ ሁለቱንም መርከቦች ለማየት ካሰባችሁ ማሳቹሴትስን አስቀድሙ፣ የከረጢቱን አጫጫን መጀመሪያ ያየ ሰው ሳሌም ላይ ሲደርስ ቀለሃው ምን እንደለወጠ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።